ምዕራፍ ስምንት፦ የቀኙ ሜዳ ጠባቂ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ

የምዕራፉ ዓላማ

ይህን ምዕራፍ ተምራችሁ ስትጨርሱ፦
1. የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ አንብባችሁ ዋና ዋና ድርጊቶቹን በቅደም ተከተል ትናገራላችሁ፤
2. በምንባቡ ውስጥ የሚገኙትን አዳዲስ ቃላት በዐረፍተ ነገር ትጠቀማላችሁ፤
3. «ክንደ ብርቱ» እንደሚለው ያሉ ጥምር ቃላት እንዴት እንደሚመሠረቱ ታስረዳላችሁ።

ሀ. ቅድመ ንባብ ጥያቄዎች

1. በቡድን ጨዋታ ጊዜ ከጓደኞቹ ርቆ የሚቆም ተጫዋች ጥቅሙ ምን ይመስላችኋል?
2. የአንድን ሰው ስም ያለፈቃዱ ለውጦ መጥራት በሰውየው ላይ ምን ስሜት ያሳድራል?
3. ለተቸገረ ሰው የተላከ እርዳታ ከእጁ መድረሱን የማረጋገጥ ኀላፊነት የማን ነው?

ለ. ምንባብ

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤዝቦል በሰሜን አሜሪካ፣ በካሪቢያን ደሴቶች፣ በመካከለኛው አሜሪካና በጃፓን ሕዝብ አጥብቆ የሚወደው ጨዋታ ነው። በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቅ፣ ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አጨዋወቱን ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል።

ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች በየተራ ይመታሉ፤ በየተራም ይከላከላሉ። ከተከላካዩ ቡድን አንዱ ወርዋሪ ሆኖ ኳሷን በኃይል ይወረውራል፤ ከተቃራኒው ቡድን ደግሞ አንዱ መቺ ሆኖ በእንጨት ዱላ ለመምታት ይሞክራል። መቺው ኳሷን ከመታ ዱላውን ጥሎ ይሮጣል። በሜዳው ላይ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ማረፊያዎች አሉ፤ ከአንዱ እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት 27 ሜትር ያህል ነው። ሯጩ ሦስቱን ማረፊያዎች አልፎ ወደ ተነሣበት ወደ አራተኛው በደኅና ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ነገር ግን ገና በመንገድ ላይ ሳለ ኳሷ ከእርሱ ቀድማ ማረፊያውን ከሚጠብቀው ተከላካይ እጅ ከገባችና ተከላካዩ በኳሷ ከነካው፣ በልጆች ጨዋታ እንደሚባለው «ይቃጠላል»።

ከማረፊያዎቹ ጀርባ ባለው ሰፊ ሣር ላይ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በመኻል፣ አንዱ በቀኝ ሆነው ሦስት ተከላካዮች ይቆማሉ። እነዚህ የውጭ ሜዳ ጠባቂዎች ናቸው። ለማያውቅ ተመልካች ሥራ ፈት ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜ ኳሷ ወደ እነርሱ ሳትመጣ ቆመው ይቆያሉና። ኳሷ በመጣች ጊዜ ግን የሚያስቡበት ፋታ የላቸውም። ወዴት እንደምትወርድ ገና ከዱላው ስትነሣ ገምተው ይሮጣሉ፤ ያዙም፣ ከመሬት አነሡም፣ ወዲያው መወርወር አለባቸው። በተለይ በቀኝ በኩል የሚቆመው ጠባቂ ክንደ ብርቱ መሆን ይኖርበታል፤ ከእርሱ ቦታ እስከ ሦስተኛው ማረፊያ ያለው ርቀት ረጅም ነውና። ይሁን እንጂ የጠባቂው ክንድ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ብዙውን ጊዜ ሯጩን የሚያቃጥለው ኳሷን የተቀበለው ጓደኛው ነው። ስለዚህ ለጠባቂው በመዝገብ የሚጻፍለት «እገዛ» ተብሎ ነው። የሥራው ፍሬ የሚታየው የላካት ኳስ ሳትዘገይና ሳትስት ከተቀባዩ እጅ ስትገባ ብቻ ነው።

በዚህ ሥራ እጅግ ስመ ጥር ከሆኑት ሰዎች አንዱ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነው። የተወለደው ኦገስት 18 ቀን 1934 በፖርቶ ሪኮ ደሴት ካሮሊና በምትባል ከተማ ነው። ፖርቶ ሪኮ በዩናይትድ ስቴትስ ሥር የምትተዳደርና ሕዝቧ ስፓኒሽ የሚናገር የካሪቢያን ደሴት ናት። አባቱ ሜልቾር በሸንኮራ አገዳ እርሻ የቆራጮች አለቃ ነበር። ሮቤርቶ ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነበር። ቤተሰቡ ባይራብም ለመጫወቻ የሚተርፍ ገንዘብ ስላልነበረው፣ ሮቤርቶ የሠፈሩን ልጆች ተከትሎ በገመድና በጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ያም ሲጠፋ ባዶ ቆርቆሮ በዱላ ይመታ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ደግሞ ጦር ውርወራ ተለማመደ። ኋላ በሺህ የሚቆጠር ተመልካች ከመቀመጫው ያስነሣው የነበረው ያ ክንድ መሠረቱ የተጣለው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1952፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሳንቱርሴ የሚባለው የደሴቲቱ ቡድን አስፈረመው። በ1954 መጀመሪያ ላይ ብሩክሊን ዶጀርስ የተባለው ዝነኛ የአሜሪካ ቡድን 10 ሺህ ዶላር የፊርማ ገንዘብ ሰጥቶ ወሰደውና በካናዳ ወደሚገኘው ወደ ታናሽ ቡድኑ፣ ወደ ሞንትሪያል ላከው። በዚያም አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አላጫወቱትም። በጊዜው በነበረው ደንብ፣ ከፍተኛ የፊርማ ገንዘብ የተከፈለውና በታናሽ ቡድን የተቀመጠ ተጫዋች ዓመቱ ሲያልቅ በሌላ ቡድን ሊመረጥ ይችል ነበር። የፒትስበርግ ፓይሬትስ ቡድን መልማዮች ይህን ወጣት በልምምድ ሲወረውር አይተውት ኖሮ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1954 መረጡት። ፒትስበርግ ያን ጊዜ በሊጉ የመጨረሻውን ደረጃ የያዘ ቡድን ነበር። ክሌሜንቴ በ1955 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ 18 የውድድር ዓመታት በዚሁ ቡድን ተጫወተ።

አጀማመሩ ቀላል አልነበረም። በ1954 ክረምት ሰክሮ የሚያሽከረክር ሰው መኪናውን ገጭቶበት የጀርባ አጥንቱ ስለ ተጎዳ፣ ሕመሙ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። ታመምሁ ሲል ግን አንዳንድ ጋዜጠኞች ሰነፍና ሆደ ባሻ አድርገው ጻፉበት። ከዚህም የከፋ ነገር ነበር። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ያን ጊዜ በሕግ የጸና የዘር መድልዎ ነበር። በየዓመቱ ከውድድሩ በፊት ቡድኑ ለልምምድ ወደ ፍሎሪዳ ሲወርድ፣ ነጮቹ ተጫዋቾች በሆቴል ሲያርፉ ጥቁሮቹ ግን በጥቁሮች ሠፈር በየሰው ቤት ያድሩ ነበር። በመንገድም ነጮቹ ምግብ ቤት ገብተው ሲበሉ፣ ጥቁሮቹ በአውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ክሌሜንቴ በተወለደበት አገር እንዲህ ያለ ሕግ ስላልነበረ ነገሩ ይበልጥ አስመረረው።

በቋንቋውም ይሣለቁበት ነበር። እንግሊዝኛን ያወቀው ካደገ በኋላ ስለ ሆነ፣ ሲናገር የአፍ መፍቻ ቋንቋው ቃና ይሰማበት ነበር። አንዳንድ ጋዜጦች ቁም ነገሩን በመጻፍ ፈንታ አነጋገሩን አጣምመው ለሣቅ ያወጡት ነበር። ስሙንም ሮቤርቶ ብለው በመጥራት ፈንታ «ቦብ» አሉት፤ ፎቶግራፉ በታተመባቸው ካርዶች ላይ እንኳ ይኸው ስም ይጻፍ ነበር። እርሱ ግን በእናት አባቱ የወጣለት ስም ሮቤርቶ መሆኑን ከመናገር አላቋረጠም። ልበ ሙሉ ሰው ነበርና፣ በደሉን በዝምታ ከሚያሳልፍ ተቆጥቶ መናገርን ይመርጥ ነበር።

በ1960 ፒትስበርግ በኒው ዮርክ ያንኪስ ላይ ድል ተቀዳጅቶ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ክሌሜንቴ በሰባቱም የፍጻሜ ጨዋታዎች ኳስ መትቶ ነበር፤ ነገር ግን የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች በተመረጠ ጊዜ ከስምንተኛው ደረጃ አላለፈም። ይህን ንቀት አድርጎ ቆጠረው። ምላሹንም የሰጠው በሜዳ ላይ ነው። በ1961፣ በ1964፣ በ1965ና በ1967 ከሊጉ መቺዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ፤ በ1966 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ከ1961 እስከ 1972 ድረስ ለምርጥ ተከላካዮች የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት በተከታታይ 12 ጊዜ ተቀበለ። በውጭ ሜዳ ጠባቂነቱ በጠቅላላው 266 እገዛዎች ተመዝግበውለታል። ከጊዜ በኋላ ግን ብዙ ሯጮች ኳሷ ከእርሱ እጅ መግባቷን ባዩ ጊዜ ወደ ሚቀጥለው ማረፊያ መሮጡን ይተዉት ነበር። ክንዱ ሳይወረውር ይከላከል ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ በመዝገብ አይጻፍም።

የችሎታው ጫፍ ለዓለም የተገለጠው በ1971 ነው። በዚያ ዓመት ፒትስበርግ ለፍጻሜ የተሰለፈው ከባልቲሞር ኦርዮልስ ጋር ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ክሌሜንቴ ያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር። በቤዝቦል ከአሥር ሙከራ ሦስት ጊዜ የሚሳካለት መቺ እንደ ታላቅ ይቆጠራል፤ ክሌሜንቴ ግን በሰባቱ ጨዋታዎች ከ29 ሙከራ 12 ጊዜ ተሳካለት። በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ፒትስበርግ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ አንዱን ነጥብ ያስገኘው እርሱ ከሜዳው አጥር ውጭ አሻግሮ የመታት ኳስ ናት። የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ በቴሌቪዥን ፊት በቀረበ ጊዜ፣ ስለ ድሉ በእንግሊዝኛ ከመናገሩ በፊት በስፓኒሽ ልጆቹን መረቀ፤ ከእናት ከአባቱም ምርቃት ለመነ። አነጋገሩ ለሣቅ ሲጻፍበት የኖረው ሰው፣ አሜሪካ ሁሉ በሚሰማበት ሰዓት በገዛ ቋንቋው ወላጆቹን አከበረ።

በቀጣዩ ዓመት ሴፕቴምበር 30 ቀን 1972 የኒው ዮርክ ሜትስ ወርዋሪ የሆነው ጆን ማትላክ የወረወራትን ኳስ መትቶ ሁለተኛው ማረፊያ ደረሰ። ይህ በመደበኛ ውድድር 3 ሺህኛው የተሳካ ምቱ ነበር፤ ከእርሱ በፊት በከፍተኛው ሊግ እዚህ ቁጥር የደረሱት አሥር ሰዎች ብቻ ነበሩ። 3 ሺህ አንደኛ አልተገኘም።

ዲሴምበር 23 ቀን 1972፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ የኒካራጓን ዋና ከተማ ማናጓን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ እጅግ ብዙዎችም ያለ መጠለያ ቀሩ። ክሌሜንቴ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የፖርቶ ሪኮን አማተር ቡድን እየመራ በማናጓ ሰንብቶ ስለ ነበር፣ የፈረሰችው ከተማ ለእርሱ የማያውቃት አገር አልነበረችም። ወዲያው በሳን ሁዋን የእርዳታ ማሰባሰቡን ሥራ መምራት ጀመረ። ምግብ፣ ልብስና መድኃኒት ተሰበሰበ፤ ተላከም። ዳሩ ግን የተላከው እርዳታ በአምባገነኑ በሶሞሳ ወታደሮች እጅ እየገባ፣ ለተጎዱት ሳይደርስ ይቀራል የሚል ወሬ መጣ። ክሌሜንቴ ይህን ሲሰማ ከሚቀጥለው ጭነት ጋር ራሱ ለመሄድ ወሰነ። በርሱ ፊት የሚሰርቅ ሰው አይኖርም ብሎ አመነ።

ዲሴምበር 31 ቀን 1972፣ የአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ ሌሎች ሰዎች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ለበዓል በተሰበሰቡበት ምሽት፣ ክሌሜንቴ ከአራት ሰዎች ጋር በአንድ አሮጌ የጭነት አውሮፕላን ተሳፈረ። አውሮፕላኑ ከሚችለው በላይ ተጭኖ ነበር። ከሳን ሁዋን እንደ ተነሣ ብዙ ሳይርቅ ከባሕር ወደቀ። ከተሳፋሪዎቹ አንድም የተረፈ የለም። የቡድን ጓደኛው ማኒ ሳንጊየን ለመታሰቢያው ጸሎት ከሌሎቹ ጋር በመቀመጥ ፈንታ፣ ከጠላቂዎች ጋር ባሕር ውስጥ እየገባ ፈለገው። የክሌሜንቴ አስከሬን ግን አልተገኘም። 38 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱን ቬራንና ሦስት ትንንሽ ወንዶች ልጆቹን ትቶ ሞተ።

አንድ ተጫዋች ከታላላቆቹ መዝገብ ለመግባት ጨዋታ ካቆመ በኋላ አምስት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ለክሌሜንቴ ግን ይህ ደንብ ተነሥቶ በ1973 ስሙ ከመዝገቡ ገባ፤ ከላቲን አሜሪካና ከካሪቢያን ተጫዋቾችም ለዚህ ክብር የመጀመሪያው ሆነ። በሜዳ ከሚያሳየው ችሎታ ጋር ለሕዝብ በጎ ለሚሠራ ተጫዋች በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት የሚጠራውም በስሙ ነው፤ በ«ቦብ» ሳይሆን በሮቤርቶ ክሌሜንቴ።

ክሌሜንቴ የሩቅ ሜዳ ጠባቂ ነበር። ሥራው ያስተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ መላክ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። የተላከው ነገር ከተቀባዩ እጅ እስኪገባ ድረስ የላኪው ኀላፊነት አያበቃም። በሜዳ ላይ ይህን በክንዱ ሲፈጽም ኖረ። ክንዱ ሊደርስበት ወደማይችለው ወደ ማናጓ ግን ራሱ መሄድ ነበረበት።

ሐ. የቃላት ፍች

መልማይ — ለሥራ ወይም ለጨዋታ የሚሆን ሰው መርጦ የሚወስድ
መድልዎ — ሰውን ከሰው ለይቶ አንዱን መጥቀም፣ ሌላውን መበደል
ተሣለቀ — አፌዘ፤ ቀለደበት
ቃና — የድምፅ ወይም የአነጋገር ጣዕም
ድል ተቀዳጀ — አሸነፈ
ፋታ — ጥቂት የዕረፍት ጊዜ
አምባገነን — ሥልጣንን ሁሉ በእጁ ይዞ በጉልበት የሚገዛ
ዋዜማ — የበዓል ዕለት ከመድረሱ በፊት ያለው ቀን
ሆደ ባሻ — በትንሽ ነገር ቶሎ የሚከፋው

መ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. የቀኙ ሜዳ ጠባቂ ከሌሎቹ ይልቅ ብርቱ ክንድ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
2. ክሌሜንቴ ከብሩክሊን ወደ ፒትስበርግ ቡድን ሊሄድ የቻለው በምን ምክንያት ነው?
3. «ክንዱ ሳይወረውር ይከላከል ነበር» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
4. በ1971 ክሌሜንቴ በስፓኒሽ የተናገረው ለምን ይመስላችኋል? አንዳንድ ጋዜጦች ይጽፉበት ከነበረው ጋር አገናዝባችሁ መልሱ።
5. ክሌሜንቴ እርዳታውን ከመላክ አልፎ ራሱ ለመሄድ የወሰነው ስለ ምን ነው?
6. «አውሮፕላኑ ከሚችለው በላይ መጫኑ እየታወቀ መሳፈር ጀግንነት አይደለም፤ ጥንቃቄ ማጣት ነው» የሚል ሰው ቢኖር ምን ትመልሱለታላችሁ? በክፍል ውስጥ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።

ሠ. ሰዋስው፦ ጥምር ቃላት

በአማርኛ ሁለት ቃላት ተጣምረው አንድ አዲስ ሐሳብ የሚገልጹበት መንገድ ብዙ ነው። ከነዚህም አንዱ ከግእዝ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ቃል የመጨረሻ ፊደል ሳድስ ሲሆን፣ በጥምረቱ ጊዜ ወደ ግእዝ (ወደ መጀመሪያው ድምፅ) ይለወጣል።

ምሳሌ፦
ክንድ + ብርቱ = ክንደ ብርቱ
ልብ + ሙሉ = ልበ ሙሉ
ስም + ጥር = ስመ ጥር

አንዳንድ ጊዜ የጥምር ቃሉ ትርጉም ከሁለቱ ቃላት ትርጉም ይለያል። ለምሳሌ «ሆደ ሰፊ» ማለት ታጋሽ፣ ነገር የሚችል ማለት ነው እንጂ ሆዱ የሰፋ ማለት አይደለም።

መልመጃ 1. የሚከተሉትን ቃላት አጣምሩና እያንዳንዱን በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
ሀ) ዐይን + አፋር
ለ) እጅ + ሰፊ
ሐ) አንደበት + ርቱዕ
መ) ልብ + ቅን

መልመጃ 2. ከላይ ካገኛችኋቸው ጥምር ቃላት ለክሌሜንቴ የሚስማሙት የትኞቹ ናቸው? የማይስማማስ የትኛው ነው? ለእያንዳንዱ መልሳችሁ ከምንባቡ ማስረጃ ጥቀሱ።

ረ. የጽሕፈት መልመጃ

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ከ15 መስመር ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።
1. አዲስ ቋንቋ በመማር ላይ ያለ ሰው ሲሳሳት የሚሣቁበትና የሚያርሙት ሰዎች ልዩነት።
2. በአካባቢያችሁ ሥራው ሳይታይለት ብዙ ሰዎችን የሚጠቅም ሰው የሕይወት ታሪክ። ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁ፤ የትውልድ ቦታውን፣ የሥራውን ጠባይና ያጋጠመውን ችግር በቅደም ተከተል መዝግቡ።